ሚሊዮንኛው እጥፋት

በቤተ ሙከራው ተመራማሪዋን «ጨው» ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ የምትበጠብጠው ጨው ነውና። ከፀጉር የቀጠነች አንዲት ሰው ሠራሽ ቅጠል በጨው ውሃ ሳህን ውስጥ ተነክራለች። ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ሽፋኗ ጨውን ይምግና ያብጣል፣ እሷም ትታጠፋለች፤ ኤሌክትሪኩ ሲገለበጥ ጨውን ተፍታ ትቃናለች። በአራት ሴኮንድ አንዴ። ወደፊት በታመመ ሰው ደም ሥር ውስጥ እንደ በር ትከፈትና ትዘጋ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ሚሊዮን ጊዜ መታጠፍ አለባት። ከሞላላት የጨው ውል ይታደሳል፤ ካልሞላላት በወሩ መጨረሻ ጓዟን ትሸክፋለች።

በአርባ ስድስተኛው ቀን ስምንት መቶ ያህል ሲቀር የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተሩ እንግዶች አስከትሎ ገባ።

አንዷ እንግዳ ወደ ማጉያው ጎንበስ ብላ፣ «ይቺ ነገር ተኝታለች እንዴ?» አለች።

«ቀስ ትላለች እንጂ አትተኛም» አለች ጨው።

ሳቁ። ዶክተሩ ሳይስቅ እጁን ወደ ኤሌክትሪኩ መቆጣጠሪያ ሰደደ።

«ዶክተር፣ ተው። ከዚህ ካለፈ ውሃው ራሱ አረፋ ያወጣል።»

«ላንድ አፍታ ነው፣ የኔ እህት። እንግዳ ፊት አታሳፍሪኝ።»

አዞረው። አረፋው ከሥር ገብቶ የቅጠሏን ሽፋን እንደ ሽንኩርት ላጠው። የአርባ ስድስት ቀን ልፋት ውሃ በላው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«አሁን ገና ነቃች» አለች ሴትዮዋ።

ጨው ቆጣሪውን አየች፦ 999,214።

ዶክተሩ መቆጣጠሪያውን ወደ ቦታው መልሶ እንግዶቹን ሊሸኝ ወጣ። ቅጠሏ ከዚያ ወዲያ አልታጠፈችም። ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አላቆመም፤ የሚቆጥረው የተላከውን ኤሌክትሪክ እንጂ መታጠፏን አይደለም። እንዲያ አድርጋ የሠራችው ራሷ ጨው ናት። ለካሜራ በጀት የለም ሲሏት፣ «ዓይኔ መች አነሰኝ» ብላ ጠዋትና ማታ ማጉያው ላይ ተደፍታ ከረመች።

ሰዓት ያህል ቆይቶ ዶክተሩ ተመለሰ። ቆጣሪው ላይ ከአንድ ኋላ ስድስት ዜሮዎች ተደርድረዋል።

«ይኸው ሞላልሽ። በይ መዝገቡ ላይ አስፍሪና ፈርሚ። ውልሽንም ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«ሞታለች እኮ፣ ዶክተር።»

«ቆጣሪው አልሞተም።»

ብዕሩን ተቀበለችው። ማጉያው ላይ ጎንበስ ብላ ሳህኑን አየች። ከዚያ 999,214 ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች።

ዶክተሩ አነበበው። አልተቆጣም። ውሉን ኪሱ ከተተ፣ መዝገቡን ብብቱ ሥር ወሸቀ።

«ጽሕፈትሽ አይነበብም» አለ ወደ በሩ እያመራ። «እኔው በንጹሕ እገለብጠዋለሁ።»