የሙቅቢል ግራ መንጋጋ

የእህቴ ባል ሙቅቢል በአሮጌው ሰንዓ የጩቤ ቀበቶ የሚጠልፍ ሰው ነው። ጥርስ ሐኪም ካልሆነ በቀር የሚፈራው ነገር አልነበረም። ልጅ ሳለ የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ የታመመውን ጥርስ ትቶ ደህናውን ነቅሎበታል። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይራል።

ግራ መንጋጋውን ማመም ሲጀምረውም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ያወቅንበት በጫቱ ነው። ሁልጊዜ በግራ ጉንጩ የሚይዘውን ወደ ቀኝ አዞረው።

"ምነው፣ ግራውን አከራየኸው እንዴ?" አለው ጎረቤታችን ቃኢድ።

ቤታችን እንደ ሠፈሩ ቤት ሁሉ ወደ ላይ የተቆለለ ነው። እኔ ከታች እኖራለሁ፣ እነሱ ከመሃል፣ የምንቅምበት ክፍል ደግሞ ከሁሉም በላይ። ሙቅቢል ደረጃውን ወጥቶ ሲደርስ መንጋጭላውን ጨብጦ ትራሱ ላይ ይወድቃል። ትንሽ ቅጠል ሲቅም ግን ሕመሙ ይተወዋል።

"አየህ፣ ጫቱ መድኃኒት ሆነልህ" ይላል ቃኢድ።

"መድኃኒት? ጥርሱን የጨረሰው ማን ሆነና!" ትላለች እህቴ ተቅያ ከደረጃው በኩል፣ ባሏን በልጃቸው ስም እየጠራች። "የናጂ አባት፣ አንተ ካልሄድክ እኔ ጎትቼ እወስድሃለሁ!"

በመጨረሻ እኔ ወሰድኩት። ሐኪሙ ሙቅቢልን አፉን አስከፍቶ በብረት እየነካካ "ይሄ ነው? ወይስ ይሄ?" ሲለው፣ ሙቅቢል ዓይኑን ጨፍኖ ለሁሉም "እ" አለ። ከፍርሃቱ የተነሳ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሐኪሙ አንዱን ጠቆር ያለ መርጦ ነቀለ።

ቁስሉ ዳነ። ሕመሙ ግን ተመለሰ።

"አጠገቡ ያለው ይሆናል" አለ ሐኪሙ፤ እሱንም ነቀለው። ሙቅቢል ሳልታ የሚባለውን የሥጋ ወጥ በአንድ ጎን ብቻ እያኘከ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ከገበያ ዳገቱን ወጥተን ስንመጣ ቆመና ድዱን በጣቱ ነካ።

"ናሽዋን፣ አትሳቅብኝ። የሌለው ጥርስ እያመመኝ ነው።"

አልሳቅኩም። እኔም ግራ ገብቶኛል።

ሰው ጠይቄ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ ዶክተር ቡሽራ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ክሊኒኳ ፎቅ ላይ ነው። ሙቅቢል መንጋጭላውን ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ተራችን ደርሶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ሕመሙ የለም። ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገቻቸው፤ ቀዝቃዛ ነገር አስነካቻቸው። አንዱም አላመመውም። ሲዋሽ እንደተያዘ ሰው አቀረቀረ።

"አጎቴ፣ የሚያምዎት መቼ ነው? ሲያኝኩ?"

"አይ።"

"ማታ ሲተኙ?"

"አይደለም። እንዲሁ… ሲመጣ ይመጣል።"

"ደረጃ ላይ" አልኩ እኔ። ከአፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። "ዳገትም ላይ። ሲያርፍ ይተወዋል።"

መሣሪያዋን አስቀመጠችና የእጁን ትርታ ያዘች። ሙቅቢል እጁን ነጠቃት።

"ልጄ፣ ጥርሴን ነው ያልኩሽ!"

"ጥርስዎ ደህና ነው፤ አልነቅልም። ዛሬውኑ ልብ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።"

ስንወርድ ተናደደ። "መንቀል ስለፈራች እኮ ነው! ጥርስ አሞኝ መጥቼ ልብህን አሳይ ትለኛለች? ነገ ደግሞ ጆሮዬን ሲያመኝ ጉልበቴን ልታይ ነው?" ብለምነውም አልሄድም አለ። ለካ የመጀመሪያው ሐኪም ዘንድ ተመልሶ ሦስተኛውን ሊያስነቅል ቆርጧል።

አርብ ከስግደት በኋላ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ተቅያ ወጥ ቤት ሲወጣ ሲሊንደሩ ደረጃውን እየተንኳኳ ሲወርድ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ተቀምጦ መንጋጭላውን በሁለት እጁ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ጥርሴን… ናሽዋን፣ ጥርሴን…"

ከቃኢድ ጋር ደግፈን ታክሲ ውስጥ አስገባነው።

"ወዴት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ጥርስ ሐኪም!" አለ ሙቅቢል። ቃኢድም "ጥርስ ሐኪም" አለ። ሰውየው መንጋጭላውን ይዞ እየጮኸ ልብ ነው ማለት እብደት መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነስ? የቡሽራ ፊት ትዝ አለኝ።

"ሆስፒታል ንዳ። ልብ" አልኩት።

ሙቅቢል ተረፈ። የልብ ሐኪሙ የልቡ ደም ሥር ጠቦ እንደነበር፣ የልብ ሕመም አንዳንዴ መንጋጭላ ላይ እንደሚሰማ አስረዳው።

"ዶክተር፣ ልቤ ደረቴ ውስጥ ነው፣ ጥርሴ አፌ ውስጥ። መሃል ላይ ስንት ነገር አለ! አንገቱን እንዴት አለፈው?" ሐኪሙ እየሳቀ ደግሞ አስረዳው፤ ሙቅቢል ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው ግን አይመስለኝም። ጫት ተከለከለ፤ ሕመሙ ሲነሳ ከምላሱ ሥር የሚያስቀምጠው ክኒን ተሰጠው።

ቃኢድ ክኒኑን አገላብጦ አየና "ምላስ ሥር የሚገባ ነገር የጥርስ ካልሆነ የምን ሊሆን ነው?" አለ። ሙቅቢል ክኒኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ከወራት በኋላ ሲበረታ ቡሽራን ሊያመሰግን ሄድን። ማር ይዞላታል። ደረጃውን ቀስ እያልን ወጣን።

"ልጄ፣ ግን እነዚያ ሁለቱ ጥርሶቼ… ታመው ነበር?"

"ሳላያቸው ምን ልበልዎት አጎቴ። እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

በመስታወቷ አየችና ቀኙ ላይ ቆመች።

"እዚህ ግን አንድ አለ። ውስጡ በስብሷል፤ መሞላት አለበት።"

"ቀኝ? ቀኙ እኮ አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም!"

"ገና ነዋ።"

ሙቅቢል ወደ እኔ ዞረ። ያመመው ደህና፣ ደህናው የታመመ። ትከሻዬን ሰበቅኩ። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ አፉን ከፈተላት።