የውሰት ደም

«ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል» አለች ነርሷ የውጤቱን ወረቀት እያየች። «ዛሬውኑ ሕክምና መጀመር አለብዎት።»

የጦር ሰፈሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ ቦርጬ የሚለው ሃምሳ አለቃ፣ ክው ብሎ ቀረ። የደነገጠው ለራሱ አልነበረም። ደሙ የእሱ አይደለማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወገቡ ከተወሰነው ልክ ያለፈ ወታደር ሁሉ የስኳር ምርመራ እንዲያደርግ ታዘዘ። ስኳር የተገኘበት ይሰናበታል የሚል ወሬ ሲናፈስ ቦርጬ እንቅልፍ አጣ። ከምልምልነታቸው ጀምሮ አብሮት የኖረውን ጓደኛውን፣ የስፖርት አሰልጣኙን አሥር አለቃ፣ በእሱ ፋንታ ደም እንዲሰጥለት ለመነው። ሽቦ ይሉታል፤ ቀጭን ነው፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ላብ እንኳ አይወጣውም። እሱን ለምርመራ የጠራው የለም። ደም ቀጂዎቹ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ሰው የማይለዩ ስለነበሩ ሽቦ በቦርጬ ስም ተቀምጦ ክንዱን ዘረጋ።

«ለአንተ ያልሆነ ደም ለማን ሊሆን ነው?» ብሎ ስቆ ነበር፣ ቦርጬ ሲለምነው።

አሁን ለቦርጬ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየው። ባለፈው ወር ሽቦ ውሃ አልበቃ አለኝ ብሎ ሁለተኛ ኮዳ ፈርሞ ወስዷል። ሱሪውንም በጠባብ ቀይሯል። ቦርጬ ያኔ በሸንቃጣነቱ ቀንቶበት ነበር። በገዛ እጁ እየሰጠው አለማስተዋሉ አንገበገበው፤ ከሚስቱ ቀጥሎ የሚወደው ሰው ሽቦ ነው።

«በጆሮው ሹክ ብለውስ?» ብሎ አሰበ። ሽቦን ያውቀዋል፤ ይስቅና ሩጫውን ይቀጥላል። ነገ ደግሞ የሃያ ኪሎ ሜትር ጉዞ አለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሰሙኛል?»

«ሲስተር፣ በሌላ ሰው ስም ደም የሰጠ ምን ይደረጋል?»

«ሰጪውም አሰጪውም ይከሰሳሉ። ማዕረግ እስከ መገፈፍ ይደርሳል። ምነው?»

ቦርጬ ትከሻው ላይ ያለውን ማዕረግ በጣቱ ነካ አደረገ። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶበታል።

«በይ ጻፊ» አላት። «ደሙ የስፖርት አሰልጣኙ ነው።»

«የሽቦ? እሱማ እንደ አጋዘን የሚሮጠው!»

«እሱ ራሱ። አሁኑኑ ሰው ልከሽ ከሜዳ አስጠሪው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እና እሱ በፈቃዱ ነው የሰጠው?»

«የለም» አለ ቦርጬ፣ የግራ እጅጌውን ወደ ላይ እየሰበሰበ። «በማዕረግ እበልጠዋለሁ፤ አዝዤው ነው ብለሽ ጻፊ። እሱ እስኪመጣ የኔን ቅጂ።»