የቱምቢ አንሶላ

ሰፈርተኛው ሁሉ የልጅቷን አባት «ቱምቢ» ነው የሚላቸው። ግንበኛ ናቸው፤ የግድግዳ ማቅኛ ቱምቢያቸውን ከእጃቸው የማይለዩ፣ ጠማማ ግድግዳ ካዩ እህል የማይወርድላቸው ሰው። አንድ ቀን ታዲያ የሚፈላ ኖራ ጀርባቸው ላይ ተደፋባቸውና ሆስፒታል ከረሙ። ሲወጡ ሐኪሙ ልጃቸውን ወደ ጎን ጠርቶ፣ «አዲሱ ቆዳ የሕፃን ቆዳ ማለት ነው። የሚተኙበትን ነገር አደራ!» አላት።

ልጅየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አደራ በልታ አታውቅም። በቀጥታ አንሶላ መሸጫ ገባችና ማሸጊያው ላይ በትልቁ «ሺህ ክር» ተብሎ የተጻፈበትን አነሳች። ጎኑ ያለው ሦስት መቶ ይላል። ክሩ በበዛ ቁጥር አንሶላው ይሻላል መቼስ፤ ሺህ ከሦስት መቶ እንደሚበልጥ ለማወቅ ምን ምክር ያስፈልጋል? ሲዳስሱትም ሙልጭልጭ ይላል። ባለሱቋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከፍላ ወጣች።

አባቷ ሲገላበጡ አደሩ። ጠዋት ስትገባ ፒጃማቸው በላብ ርሶ ሰውነታቸው ላይ ተለጥፏል።

«አባዬ፣ አልተመቸህም እንዴ?»

«ኧረ ተመችቶኛል፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ደም መስሏል።

አንሶላው ሲታጠብ ደግሞ ባሰበት። ያ ሁሉ ልስላሴ የት እንደገባ እንጃ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን እንክብል አወጣ። በመጨረሻ እሳቸውም መቻል አቃታቸው። «እንዳልዋሽሽ፣ ያልተነፋ አሸዋ ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ» አሏት።

አንሶላውን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጠብ አምሯት ወደ ሱቁ በረረች። ባለሱቋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ የምታወርደውን ሁሉ ጸጥ ብለው አዳመጧት።

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን እሳት ልትጭሪ የመጣሽ ይመስል ይዘሽ ሮጥሽ። በይ ነይ፣ ወደ ብርሃኑ» አሉና አጉሊ መነጽር ከመሳቢያ አውጥተው አንሶላው ላይ አስቀመጡላት።

ጎንበስ ብላ አየች። ለጥ ያለ ነጭ ሜዳ የመሰላት ነገር ሜዳ አይደለም፤ ገመድ በገመድ ላይ የሚሻገርበት፣ አንዱ ከላይ ሲያልፍ ሌላው ከሥር የሚሾልክበት፣ ዳርቻው የማይታይ አገር ነው። ገመዶቹ ግን ጎፍረዋል።

«አየሽ፣ እያንዳንዱ ገመድ ብዙ ቀጫጭን ክር ተገምዶ ነው። እነሱን ለየብቻ ቆጥረው ነው ሺህ ያሉሽ። ጥጡም አጭር ነው፤ ጫፉ አርፎ አይቀመጥም።»

«አጭር ፀጉር ስጎነጉን እንደዚሁ ነው! በየቦታው ብቅ ብቅ ይላል!»

«አገኘሽው፤ እንክብሉም እሱ ነው። አሁን ይሄን እዪ።»

ሦስት መቶ የሚለውን ዘረጉላት። እዚህ ክሩ ነጠላ ነው፤ ከረጅም ጥጥ የተፈተለ፣ ልሙጥ። በክርና በክር መካከል የመስኮቱ ብርሃን እንደ መርፌ ጫፍ እየሆነ ያልፋል።

«አየሩም የሚያልፈው በዚያው ነው» አሉ ሴትዮዋ። ልጅየዋ ከመነጽሩ ዓይኗን መንቀል አቃታት። የመጣችበት ጠብ ጨርሶ ጠፍቷታል። አንሶላውን ለወጡላት፤ እስከ ማታ ብላ ለምናም መነጽሩን ተዋሰች።

አባቷ የዚያኑ ዕለት ከምሳ በኋላ አዲሱ አንሶላ ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ጭልጥ አለ። ሲነቁ ፀሐይ ከአልጋው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። መነጽሩን ሰጠቻቸው። አንሶላውን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ረድፉን በጣታቸው ጫፍ ይከተሉ ጀመር።

«አባዬ?»

«ግንብ ነው እኮ!» አሉ በሹክሹክታ። «እዪ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አላረፈም። አንዱ ሌላውን ይዞታል። ይሄ ሁሉ ረድፍ አንድም አልተዛነፈ! እኔ አንድ ግድግዳ አቀናሁ ብዬ ስኩራራ… ይሄን ረግጬ ነው የምተኛው?»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ትራሱን፣ መጋረጃውን፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ አንድ በአንድ አዩ። ጥቂት አሰቡና የልጃቸውን እጅ ሳቡ። መዳፏን ገልብጠው ጀርባው ላይ መነጽሩን አሳረፉ፤ ቆዳዋ ላይ ያሉትን የተጠላለፉ ደቃቅ መስመሮች እየተከተሉ ብዙ ቆዩ።

«ይሄንንስ ማን ሸመነው?» አሉ።

እሷም አጎንብሳ፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ ፀሐይዋ ከክፍሉ እስክትወጣ ድረስ አብረው ሲያዩ ቆዩ።