ጀርባ ያጣ ዓሣ

ያን ዓመት ሐይቃችን ገና ረግቶ በረዶ ከመሆኑ አመዳይ ተከመረበትና አልነሣም አለ። አመዳይ ከበዛ ብርሃን ወደ ታች አይወርድም፤ ብርሃን ያጣ የሐይቅ ሣር ይበሰብሳል፣ ውኃው ይታፈናል፣ ዓሣውም ምግብ ይጠላል። ይህን እኛ የሚኒሶታ ሰዎች ከጸሎት በፊት ነው የምንማረው።

የምናጠምደው መዳፍ የሚያክለውን፣ የፀሐይ ዓሣ የምንለውን ነው። በደኅናው ጊዜ ጀርባው ድፍን ያለ ነው። ያን ዓመት ግን በረዶውን በስተን የምናወጣው ሁሉ ራስ ብቻ ሆነ፤ ከራሱ ወዲያ ያለው ስለት ነው። አንዱ ጎረቤቴን ኦርቪንን፣ «ማበጠሪያ ነው እንዴ የያዝከው?» ሲለው፣ «ለሚስትህ ጸጉር» አለው። ከዚያ በኋላ ሲቀልድ አልሰማሁትም።

የኦርቪን ሚስት አርዲስ ታማ ተኝታለች። ከዚህ ዓሣ በቀር እህል በአፏ አይዞርም። ከሠርጋቸው ጀምሮ እሱ ያጠመደውን የምትበልተው እሷ ነበረች፤ ውፍረቱን ለማወቅ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ሳትጫን ቢላ አታነሣም።

አንድ ቀን ሚስማር ልገዛ ወደ ጎረቤት ከተማ ሄድኩና ኦርቪንን ሱፐርማርኬት ውስጥ አየሁት፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ዓሣ ያስመዝናል። እኛ ዘንድ ዓሣ ሲገዙ ከመታየት ሰክሮ ቤተ ክርስቲያን መግባት ይሻላል። እሱ እንዳያፍር እኔ ከሽንኩርቱ ኋላ ተደበቅሁ።

ማታውን አርዲስን ልጠይቃት ሄድኩ። ኦርቪን በቅቤ የጠበሰውን ይዞ ገባ። ዛሬ ቀንቶኛል አለ፤ ከሸምበቆው ማዶ እንዳገኛቸው አወራ። ውሸት የማያውቅ ሰው ነውና ነፋሱን እንኳ ከየት እንደነፈሰ ጨመረበት። ሁለት ጉርሻ በላችለት። እንጨት ሊያመጣ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሎወል፣ ዘንድሮ የኛ ዓሣ ጀርባ አለው?»

ጣሪያውን አየሁ። «የለውም።»

«እኔም የለኝም። ይሄ በመኖ ያደገ የኩሬ ዓሣ ነው። ካርቶን ካርቶን ይላል።»

«ታዲያ ምን ያስበላሻል?»

«እሱም እኮ ከስቷል። ከታመምኩ ወዲህ ምግብ አይነካም። እኔ ሳኝክ ግን አይተኸዋል? የሱም መንጋጋ ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ ነው አንድ ሁለት የሚጎርሰው። እንዳትነግረው።»

በረዶው ሳይቀልጥ አረፈች። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ድንችና ሥጋ ቀረበ። ኦርቪን ሳህኑን አልነካም። ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለማንም እንዳታወራ። ዓሣውን እገዛው ነበር። አላወቀችብኝም።»

«በምን ታውቃለች» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሳህኑ እንዳለ ነው። እኔ ጠግቤ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ድንች አነሣሁና ፊት ለፊቱ ቀስ ብዬ ማኘክ ጀመርኩ። ብዙ አኘክሁ። በመጨረሻ የሱም መንጋጋ ተንቀሳቀሰ።