የኦይታ ወንድም አሟሟት

ኤትየን ሮሼል ከአርባ ዓመት በላይ የሰው መጽሐፍ ሲመዝን የኖረ ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቱ ፓሪስ በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ ዓምድ ላይ ተቀጠረ። ብዕሩ ስል ስለነበር ደራሲዎች ይፈሩት ጀመር። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ እሱ ግን ለአንዱም መልስ ሰጥቶ አያውቅም። በመሀሉ ራሱም ሁለት ልብ ወለዶች አሳተመ። ሁለቱንም ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም።

በ1997 ዓ.ም.፣ ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ የጉዞ ማስታወሻ ሊጽፍ አርባ ምንጭ መጣ። ያስጎበኘችው ሻሺቱ ናት፤ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምራ የተመለሰች፣ እናቷ የኦቾሎ ሰው በመሆናቸው ጋሞኛም አፏን የፈታችበት ወጣት። ይዛው ተራራው ላይ ወዳለው ኦቾሎ መንደር ወጣችና ኦይታ ከሚባል ሸማኔ ጋር አገናኘችው። ኤትየን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ በሻሺቱ አስተርጓሚነት ጠየቀ። ኦይታም እጁን ሳያቆም መለሰለት። ታናሽ ወንድሙ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እርሻ ላይ ሊሠራ ወርዶ በወባ መሞቱን፣ ሁለቱን ልጆቹን ያሳደገው እሱ መሆኑን ነገረው።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኤትየን ሦስተኛ ልብ ወለድ ወጣ። ይኼኛው ተነበበ፤ ተሸለመም።

ሻሺቱ ስለ መጽሐፉ የሰማችው በ2002 ነው። ኦቾሎ ይዛት የወጣች አንዲት ፈረንሳዊት ጎብኚ መጽሐፉን በእጇ ይዛ ኦይታ ፊት ቆመችና፣ "ወንድሙን በረሃብ ዘመን ከደጁ የመለሰው ሰውዬ ይኼ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ሻሺቱ ጥያቄውን አልተረጎመችም። መጽሐፉን ተውሳ አነበበችው። የመንደሩ ስም ኦቾሎ፣ የሸማኔው ስም ኦይታ ነው። ሸማኔው እህል ደብቆ ወንድሙን በራብ ይገድላል።

ሦስት ቀን አሰበችበት። በአራተኛው ቀን ወጥታ ለኦይታ ነገረችው።

ኦይታ መወርወሪያውን አስቀመጠ። "ያ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው እንዲህ ያለው?"

"አዎ።"

"ምናልባት እኔ ያልኩትን በደንብ አልተረጎምሽለትም ይሆናል።"

"ተርጉሜለታለሁ፣ ጋሼ። ማስታወሻው ላይ ሲጽፈውም አይቻለሁ።"

"እንግዲያው ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።"

ሻሺቱ ይህንኑ ለኤትየን ጻፈችለት። መልስ አገኛለሁ ብላ አልጠበቀችም፤ በአምስተኛው ወር ግን ራሱ መጣ።

የአገር ሽማግሌዎች የመንደሩ ጉዳይ በሚታይበት አደባባይ፣ በዱቡሻው፣ ድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ። የሚጠይቁት አቶ ዓለሙ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሻሺቱ ታስተረጉማለች።

"ይህን ነገር ማን ነገረህ?" አሉት።

"ማንም አልነገረኝም" አለ ኤትየን። "ልብ ወለድ ነው። ያልሆነ ነገር ይጻፍበታል።"

"ስሙንም አንተ ነህ የፈጠርከው?"

"ስሙ የእሱ ነው። ለጆሮዬ ስለጣመኝ ልለውጠው አልፈለግኩም።"

"ወንድምየውስ በመጽሐፉ ለምን እንደ እውነቱ በወባ አልሞተም?"

"በወባ የሞተ ሰው ለመጽሐፍ የሚበቃ አልመሰለኝም።"

ሻሺቱ ይቺን ስትተረጉም ድምፅዋ ዝቅ አለ።

ኤትየን ካሳ እጠየቃለሁ ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ኦይታ የጠየቀው ግን ሌላ ነው። "ወንድሜ እንዴት እንደሞተ በዚያው ቋንቋ ይጻፍልኝ" አለ። "ያንን ያነበቡ ሰዎች ይህንንም ያንብቡ።"

ኤትየን እሺ አለ። ፓሪስ ተመልሶ በዚያው በዓምዱ ላይ የራሱን መጽሐፍ ገመገመ፤ ለሌሎች ያልራራውን ለራሱም አልራራም። "ደራሲው እውነተኛው ታሪክ በእጁ ሳለ ርካሹን መረጠ" ሲል ጻፈ። የወንድምየውንም አሟሟት ኦይታ እንደነገረው አድርጎ አሰፈረ። ጥሩ መጽሐፍ አበላሸብን ብለው የተቆጡ አንባቢዎች ነበሩ። አሳታሚውም አልወደደለትም፤ ቢሆንም በሚቀጥለው እትም የሸማኔውና የመንደሩ ስም ተቀየረ።

ጋዜጣው ሲደርሳት ሻሺቱ ለኦይታ በጋሞኛ አነበበችለት። እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጠ።

"ማክሰኞ ሞተ ነው የሚለው?"

"አዎ፣ ማክሰኞ ይላል።"

"ሐሙስ ነው የሞተው።"

ይህንንም ጻፈችለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዓምዱ ግርጌ አንዲት መስመር ማረሚያ ወጣች።

ኤትየን በዚያው ዓመት ከጋዜጣው ለቀቀ፤ ሌላ ልብ ወለድም አልጻፈም። ከኦይታ ጋር ግን በሻሺቱ በኩል በዓመት አንድ ሁለቴ ይጻጻፉ ነበር። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ከወንድሙ ልጆች ትልቋ ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ሄዳ ስለ ማግባቷ። ደብዳቤዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ስለ መጽሐፉ አንዳቸውም አንስተው አያውቁም።

በ2008 ኤትየን ሊዮን ከተማ ሞተ። ሻሺቱ የሞቱን ዜና አርባ ምንጭ ሆና በኢንተርኔት አነበበችው። ግማሽ ገጽ ነው። ሦስተኛው ልብ ወለዱ የሥራዎቹ ሁሉ ቁንጮ እንደሆነ ይናገራል፤ ራሱን ስለገመገመበት ጽሑፍ ግን አንድም ቃል የለውም። ኦቾሎ ወጥታ ለኦይታ መሞቱን ብቻ ነገረችው።

"ቀባሪ ነበረው?" አለ ኦይታ።

"እህት አለችው። እሷ ቀብራዋለች።"

"ደግ" አለ። ለቅሶ እንዳለበት ሰው ሦስት ቀን ሽመና ላይ ሳይቀመጥ ቆየ።