ቅቤ የተቀባው ዚንክ

አለምነህ ባሕር ማዶ ፊዚክስ ሲማር ብርሃን ቅንጣት መሆኑን በቀመር ተቀብሏል፤ በዓይኑ ግን አይቶት አያውቅም። ዳባት ሲመለስ፣ «ሳላየው ነገ ተማሪ ፊት አልቆምም» ብሎ አንድ የዚንክ ዝርግ በኔጌቲቭ ኤሌክትሪክ ሞላ። ከዝርጉ ጋር የተያያዙት ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች ተገፋፍተው ተከፈቱ። ብርሃን ኤሌክትሪኩን ካስወጣው ይከደናሉ።

የመኪና መብራት አበራበት፤ ቅጠሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ይህን ጠብቆታል። ቀጥሎ ዓይን የማያየው ጨረር የምትሰጥ ደብዛዛ የአልትራቫዮሌት አምፖል አበራ። አሁንም ምንም! ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ውሸት ነበር?

«ምነው ልጄ?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ዘቢደር። «ነገ ሰው ያየዋል ስትል ጊዜ፣ እንዲያምር ቅቤ ቀባሁት እንጂ ሌላ አልነካሁም።»

«ቅቤ? እንደ ሙሽራ?»

«ታዲያ ገርጥቶ ይቅረብ?»

ጨረሩን የጋረደው ቅቤ እንዲለቅ ዝርጉን በአመድ ፈትጎ አጠበና አድርቆ እንደገና ሞላው። የመኪናው መብራት አሁንም ከንቱ ሆነ። ደብዛዛዋ አምፖል ስትበራ ግን ቅጠሎቹ ወዲያው ተከደኑ። አለምነህ ክው ብሎ ቀረ።

«ያ ትልቁ ያቃተውን ይቺ ጭላንጭል?» እናቱ አማተቡ።

«የዚያኛው ቅንጣቶች እልፍ ናቸው፤ ግን አንዱም ከዚንኩ ኤሌክትሮን የሚፈነቅል ጉልበት የለውም። የዚህችኛዋ ቅንጣት ለብቻዋ ትፈነቅላለች» አለ።

«እስቲ ድገመው።»

«ነገ፣ ተማሪዎቼ ፊት።»