ድሮኑ ወጣ፣ ፋና ቀረች

ሜላት በግንቦት ስታገባ፣ ሙሽሮቹ ቪዲዮ የሚነሱት ጥርባ ከሚባለው ቦታ አለፍ ብሎ ባለ ገደል አፋፍ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። የቪዲዮ ባለሙያው ጢሞቲዎስ ድሮኑን አስነስቶ ከሙሽሮቹ በላይ ሲያዞረው ነፋስ ገፋው፤ ከአለቱ ጋር ተላተመና ወደቀ። አጎንብሰው ሲያዩ ከገደሉ ወገብ ላይ፣ አንዲት ጠባብ እርከን ላይ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰንቅሯል። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የተቀረጸው ሁሉ እዚያው ውስጥ ነበር። ሜላት ማልቀስ ጀመረች።

ከሚዜዎቹ አንዱ ምስጋናው ነው። እሱና የአክስቱ ልጅ ፋና እንጅባራ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥለው የፎቅ መስታወት ያጥባሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ። ሥራውን የተማሩት አንድ ላይ፣ ከአንድ አሠልጣኝ ነው። ምስጋናው ወዲያው ደወለላትና፣ ማንንም ሳያማክር፣ «ፋና ወርዳ ታወጣዋለች» ብሎ ለሙሽሮቹ ነገራቸው።

ፋና ለምሳው ልትለብሰው ያዘጋጀችውን ቀሚስ ትታ፣ ገመዶቹን ጭና በባጃጅ ደረሰች። ገደሉን ስታየው አልወደደችውም። ከእርከኗ በላይ ያለው አለት ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ስለሆነ በእጅና በእግር ተይዞ አይወጣም። ሰማዩም ጠቁሯል። ነገሩ ለነገ ቢቆይ ይሻላል አለች። ምስጋናው ግን እሱና ሚዜዎቹ እንደሚጎትቷት፣ ከሻይ መጠጫ ጊዜ የበለጠ እንደማይፈጅ እየነገራት፣ ሰው ሁሉ ያያት ጀመር።

አንዱን ገመድ ከአንድ ትልቅ ጽድ ግንድ ላይ አሰረችው፤ የምትወርድበት ነው። ሁለተኛው ወገቧ ላይ ታስሮ ጫፉ ከላይ በምስጋናው እጅ ሆነ፤ የሚጎትቷት በእሱ ነው። ስልኳ እንዳይወድቅባት ለእሱ ሰጠችው።

«እስክወጣ ድረስ ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ» አለችው።

«የት እሄዳለሁ?» አላት።

ወረደች። ድሮኑን ከቁጥቋጦው አላቀቀችው፤ አንድ ክንፉ ተሰብሯል እንጂ ደኅና ነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ምስጋናው ከላይ ሆኖ መጀመሪያ ድሮኑን በሁለተኛው ገመድ እንድትልክ፣ ከዚያ ገመዱን መልሶ እንደሚጥልላት ጮኾ ነገራት። ገመዱን ከወገቧ ፈታች፤ ድሮኑን በቦርሳዋ ከታ አሰረችው። ሲጎትቱት አየችው፤ ከአፋፉ ሲያልፍ እልልታ ሰማች።

ገመዱ ግን አልተመለሰም።

ዝናቡ ወረደ። ፋና መጀመሪያ ተጠልለው ነው ብላ ጠበቀች። ተጣራች። ቀጥሎ የሰማችው የሚኒባስ ሞተርና የአጀቡን መኪኖች ጡሩምባ ነው፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ያን ጊዜም ቢሆን ምስጋናው ቀርቷል ብላ ስሙን ጠራች። ደጋግማ ጠራች። የሚመልስላት ዝናቡ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ንዴት ከዚያ በፊት አታውቅም። በአገውኛ ሰደበችው፤ እናቷ ብትሰማት የምትደነግጥበትን ስድብ። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እርከኗ ላይ መውረድ ሲጀምር፣ ከእግሯ ሥር ያለው አፈር እየተናደ ወደታች ሲሄድ አየች። እዚያ መቆየት አይቻልም።

የወረደችበት ገመድ ከጽዱ ጋር እንደታሰረ ነው። ወገቧ ላይ ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ነበሩ። ቀጭኑን ገመድ በወፍራሙ ላይ ደጋግመህ ጠምጥመህ በራሱ ውስጥ ስታሳልፈው፣ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል፤ ክብደቱ ሲነሳለት ደግሞ በእጅ ወደ ላይ ይገፋል። ሥልጠና ላይ ተምረውታል። ለጭንቅ ቀን ነው ተብሎ፣ ደረቅ ገመድ ላይ፣ ፍራሽ ከሥር ተነጥፎ።

አንዱን ቋጠሮ ከወገብ ቀበቶዋ ጋር አገናኘችው። ሌላውን ከእሱ ዝቅ አድርጋ አሰረችና ጫፉን ለእግሯ ማሳረፊያ አደረገችው። የገመዱ ጫፍ ላይም ድንገት ብትንሸራተት የሚያስቀራት ትልቅ ቋጠሮ ቋጠረች። ከዚያ በእግሯ ቆመች፤ የላይኛውን ቋጠሮ ገፋች፤ ተቀመጠችበት፤ እግሯን አጥፋ የታችኛውን ገፋች። ደግሞ ቆመች። በአንድ ጊዜ የምታገኘው ስንዝር ቢበዛ ክንድ ነው። አለቱ ስለራቃት የምትደገፍበት የለም፤ በባዶ አየር ላይ ትሽከረከራለች።

ጥቂት እንደወጣች የረጠበው ገመድ ከዳት። የላይኛው ቋጠሮ ተንሸራተተ፤ ወደታች ተንሸራታ ሄደችና ቋጠሮው በድንገት ያዛት። ትንፋሿ ተቆረጠ። ዓይኗን ጨፍና ተንጠልጥላ ቆየች። ከዚያ በታችኛው ላይ ቆማ የላይኛውን ፈታች፤ አንድ ዙር ጨምራ ጠመጠመችው። ጣቷ ደንዝዞ ገመዱን በጥርሷ ነው ያጠበቀችው። አሁን ነከሰ።

ምስጋናው ልክ አሁን እጁን ታጥቦ እየተቀመጠ እንደሆነ አሰበች። ገፋች። ስልኬ ኪሱ ውስጥ ነው አለች። ገፋች።

ክፉው አፋፉ ነበር። ገመዱ በእሷ ክብደት ከአለቱ ጠርዝ ጋር ተጣብቆ ቋጠሮውን አላሳልፍ አለ። በጉልበቷ አለቱን ገፍታ፣ ገመዱን አላቃ ጣቷን ከሥሩ ስትሰድ ቆዳዋ ተገፈፈ። በመጨረሻ ሣሩን ጨብጣ በሆዷ ተሳበች፤ ጽዱ ሥር ደርሳ ግንዱን አቀፈችው።

ማንም የለም። የመኪና ጎማ ያቦካው ጭቃ አለ። ሁለተኛው ገመድ ድሮኑ ከተፈታበት ጀምሮ ጭቃው ውስጥ ተጥሏል፤ ሳይጠቀለል፣ እንደ አሮጌ ጭድ ማሰሪያ።

አስፋልቱ ድረስ ሁለቱን ገመዶች ተሸክማ ሄደችና ያገኘችው ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። የሚኒባሱ ረዳት ምን ሆነሽ ነው ቢላት አልመለሰችለትም።

ሰርግ ቤት ስትደርስ ድንኳኑ በዘፈን ይናጋል። ምስጋናው ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ ከሚዜዎቹ ጋር ይበላል። ከነጭቃዋ ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ሙሽራዋ እየበሰበሰች እንደነበር፣ ሹፌሮቹም እንደቸኮሉ፣ ከምሳ በኋላ መኪና ይዞ ሊመለስ እንደነበር ተናገረ።

«ደግሞ አንቺ መውጣት እንደማያቅትሽ አውቃለሁ» አላት።

«አንተ እንዴት አወቅህ?» አለችው ፋና። «ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ እኔ አላወቅሁትም ነበር።»

ሴቶቹ ክንዷን ይዘው ዛሬ የሰርግ ቀን ነው፣ ነገ ትነጋገራላችሁ እያሉ ሊያስወጧት ጎተቷት። ጢሞቲዎስ ግን ጉርሻውን ጥሎ ተነሣ። ምስጋናው እኮ ፋና ወጥታ በባጃጅ ሄዳለች ብሎን ነው የተነሣነው አለ። ሙሽራው ራሱን ነቀነቀ፤ እሱም የሰማው ይህንኑ ነው።

ፋና እስከዚያ ድረስ ረስቷት የሄደ መስሏት ነበር። አሁን ገባት። ገደሉ ላይ እንዳለች እያወቀ፣ አጀቡ እንዳይዘገይበት ወጥታለች ብሎ ነው መኪና ውስጥ የገባው። ክንዷን ከሴቶቹ አላቀቀች።

«አፈሩ ከእግሬ ሥር ሲናድ አንተ ወጥታለች አልህ» አለችው። ጮኻ አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ዘፈኑን ማን እንዳጠፋው አይታወቅም፤ ሁሉም ሰማ። ሜላት ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

ምስጋናው ስልኳን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት። ፋና ስልኳን አንሥታ ወጣች።

በሳምንቱ አጎቷ አቶ አወቀ፣ የምስጋናው አባት፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ጠሯት። አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ ሰው ይስታል፤ ይቅር ተባብለው ሥራቸውን እንደ ቀድሞው ይቀጥሉ አሉ። ምስጋናው ተነሥቶ ጉልበቷን ሊይዝ ጎነበሰ። ፋና በትከሻው ይዛ አነሣችው።

«እርስዎ እንዳሉት ይቅር ብዬዋለሁ» አለች ለአጎቷ። «ገመድ ላይ ግን ከእንግዲህ አብሬው አልወጣም።»

አንደኛው ሽማግሌ እንዲህ ያለ ይቅርታ ምኑን ይቅርታ ሆነ ብለው ተቆጡ። ምስጋናውም ድሮም ቂም ትይዛለች ሲል አጉረመረመ። ያን ጊዜ አጎቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ወጥታለች ብለሃል?» አሉት።

ምስጋናው አንገቱን ደፋ። አቶ አወቀ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ ሽማግሌዎቹን እንሂድ አሏቸው። ፋናን ዳግመኛ አልለመኗትም።

አሁን ፋና ሀይማኖት ከምትባል ልጅ ጋር ትሠራለች፤ ሥራውን ያስተማረቻት ፋና ራሷ ናት፣ ቋጠሮውንም በእርጥብ ገመድ ላይ ነው ያስተማረቻት። ምስጋናውን ገበያ ላይ ስታገኘው ሰላም ትለዋለች፤ የእናቱን ጤና ትጠይቀዋለች። ካለፈ በኋላ ግን ጥቂት መንገድ እስክትሄድ ድረስ ጥርሷን ነክሳ እጇን እንደጨበጠች ነው።